«ካልተሻለው ሜዲኬር አይከፍልም»፦ ተረትና እውነታ

በአሜሪካ ከሆስፒታል ወደ ማገገሚያ፣ ከማገገሚያም ወደ አረጋውያን መንከባከቢያ በሚሸጋገሩ ወላጆች ዙሪያ፣ በኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ዘንድም ጭምር፣ ከሚነገሩት እምነቶች ጉዳቱ የከፋው «ሕመምተኛው መሻሻል ካቆመ ሜዲኬር ክፍያውን ያቋርጣል» የሚለው ነው። ሜዲኬር በዋናነት ዕድሜያቸው 65 ለሞላ ሰዎች የተቋቋመ የፌዴራል የጤና መድን ሲሆን፣ ሕጉ ግን እንዲህ ያለ መስፈርት የለውም።

እምነቱ ከባዶ አልተነሣም። ክፍያ የሚመረምሩ አካላት በፊዚዮቴራፒስቱ ማስታወሻ ላይ «ለውጥ አይታይም» የሚል ቃል ሲያገኙ ለዓመታት ሽፋን ይከለክሉ ስለነበር፣ ተቋማቱም ይህን ልማድ እንደ ሕግ ይዘውት ኖረዋል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2013 በቨርሞንት የፌዴራል ፍርድ ቤት የጸደቀውና «ጂሞ» በሚል ስም የሚታወቀው የክስ ስምምነት፣ መለኪያው የሠለጠነ ባለሙያ አገልግሎት ማስፈለጉ መሆኑን አረጋግጧል። ስለዚህ የፓርኪንሰን ሕመም ያለባቸው አዛውንት ወደ ቀድሞ አረማመዳቸው የማይመለሱ ቢሆንም፣ መገጣጠሚያቸው እንዳይደርቅና ከአልጋ ሲነሡ እንዳይወድቁ በየዕለቱ የባለሙያ ዕውቀት የሚያስፈልጋቸው ከሆነ፣ የቀረውን አቅም ማቆየት ራሱ ሽፋን የሚገባው ሕክምና ነው። እርግጥ ነው፣ ባለሙያ ብቻ ሊሠራው የሚገባውን ረዳት ሠራተኛ ሊሠራው ከሚችለው የሚለየው መስመር ሁልጊዜ ጥርት ብሎ አይታይም፤ ነገር ግን ስምምነቱ ከጸደቀ ከዐሥር ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ዛሬም ለቤተሰብ «ለውጥ ስለሌለ አበቃ» እያሉ የሚያሰናብቱ ሠራተኞች አላወቅንም ማለታቸው ሰበብ ሊሆናቸው አይችልም።

ተቋሙ ሽፋኑ ከማብቃቱ ቢያንስ 2 ቀን አስቀድሞ የጽሑፍ ማስታወቂያ የመስጠት ግዴታ አለበት። በወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ፊርማ መቀበልን ብቻ የሚያሳይ ሆኖ ሳለ፣ ብዙዎች ተስማምተው የፈረሙ መስሏቸው ዝም ይላሉ፤ ሽፋኑ ከሚያበቃበት ቀን በፊት ባለው ዕለት እስከ እኩለ ቀን ድረስ፣ እዚያው ወረቀት ላይ ስልኩ ለተጻፈው ገለልተኛ ገምጋሚ ድርጅት ደውለው አፋጣኝ ይግባኝ ማለት እንደሚችሉ የሚነግራቸው የለም።

«የማገገሚያ ሽፋን ለ100 ቀን የተረጋገጠ ነው» የሚለው ሌላው ስሕተት ነው። 100 ቀን ጣሪያ ሲሆን፣ ሙሉ በሙሉ የሚከፈለው ለመጀመሪያዎቹ 20 ቀናት ብቻ ነው፤ ከ21ኛው ቀን ጀምሮ ሕመምተኛው የየዕለት ድርሻ አለበት። በመደበኛው ሜዲኬር ደግሞ አስቀድሞ 3 ቀን በሆስፒታል ተኝቶ መታከም የሚጠየቅ ሲሆን፣ «ለክትትል» ተብሎ የታደረ ሌሊት አይቆጠርም።

«ከዚያ በኋላም ሜዲኬር መንከባከቢያውን ይከፍላል» የሚሉም አሉ፤ አይከፍልም። ማጠብ፣ ማልበስና ማብላት ብቻ ለሚያስፈልገው ሰው የረጅም ጊዜ ወጪውን የሚሸፍነው፣ ገቢያቸውና ንብረታቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች የተዘጋጀው ሜዲኬይድ ነው።

«የመግቢያ ውሉን የፈረመ ልጅ ዕዳውን ይሸከማል» የሚለውም ልጆችን በከንቱ ያስፈራል። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የፌዴራል ሕግ መንከባከቢያዎች ሕመምተኛን ለመቀበል ሲሉ የሌላ ሰው የግል ዋስትና እንዳይጠይቁ ይከለክላል፤ የወላጁን ገንዘብ የሚያስተዳድር ልጅ የሚጠየቀው ከዚያው ገንዘብ እንዲከፍል ነው። እንዲያም ሆኖ ውሉን ሳያነቡ መፈረም አይገባም።

ስለዚህ የማብቂያው ማስታወቂያ ሲመጣ፣ ቤተሰቡ ሐኪሙን በጽሑፍ ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ «ከእንግዲህ የባለሙያ አገልግሎት አያስፈልጋቸውም የተባለው በምን ማስረጃ ነው?» የሚለው ነው።