ድንጋይ መጨመቅን ቻለ ማለት መሰንጠቅን ቻለ ማለት አይደለም

ስለ ድንጋይ ጥንካሬ ሲነሳ ቶሎ ትዝ የሚለን የመጨመቅ ጥንካሬ ነው። ኮር ይቆረጣል፣ ማሽን ላይ ይቀመጣል፣ እስኪፈርስ ይጫናል፤ አለቀ። ቆቃን በመሰለ ቦታ ግን ይህ ቁጥር ብቻውን አይበቃም። ይህ ጽሑፍ ለምን እንደማይበቃና የድንጋይ መሰንጠቅን የመቋቋም አቅም በላብራቶሪ እንዴት እንደሚለካ ለማስረዳት ይሞክራል።

ቆቃ ያለው የወንጂ ስብራት ቀጠና በሚያልፍበት የስምጥ ሸለቆ ክፍል ነው። በአካባቢው የምናገኛቸው ባዛልትና ኢግኒምብራይት ገና ሲቀዘቅዙ በመኮማተር ይሰነጠቃሉ፤ መሬቱ ራሱም ቀስ በቀስ ወደ ጎንና ጎን ይሳባል። እ.ኤ.አ. በ1960 የተጠናቀቀው የቆቃ ግድብ አዋሽን ይዞ የቆመው እዚሁ ነው። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የተከታተለው የመሬት መንቀጥቀጥ አዳማና አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል፤ በስፍራው መሬት ተሰንጥቆ ታይቷል። ስለዚህ «ድንጋዩ ስንት ይሸከማል?» ብቻ ሳይሆን «ያለው ስንጥቅ መቼ ይቀጥላል?» ብለን መጠየቅ አለብን።

ድንጋይ ሲሳብ የሚችለው ጭነት ብዙውን ጊዜ ሲጨመቅ ከሚችለው አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ምክንያቱን አለን ግሪፊዝ እ.ኤ.አ. በ1921 በመስታወት ላይ አሳይቷል፦ ኃይሉ ስንጥቁ ጫፍ ላይ ይከማቻል።

ከመለኪያ ዘዴዎቹ አንዱ የግማሽ ክብ ሙከራ ነው። ዲያሜትሩ ቢያንስ 76 ሚ.ሜ. ከሆነ ኮር 30 ሚ.ሜ. ያህል ውፍረት ያለው ክብ ይቆረጥና ለሁለት ይከፈላል። ከቀጥተኛው ጠርዝ መሐል፣ ከሬዲየሱ ከ0.4 እስከ 0.6 የሚደርስ ቀጭን መሰንጠቂያ በመጋዝ ይገባል። አዎ፣ ሆን ብለን እናቆስለዋለን! ከዚያ ጠርዙን ወደ ታች አድርገን ሁለት ሮለር ላይ እናስቀምጠውና በደቂቃ ከ0.2 ሚ.ሜ. ባልበለጠ ፍጥነት ከላይ እንጫነዋለን። ከከፍተኛው ጭነትና ከናሙናው ልኬት የመቋቋም አቅሙ ይሰላል።

ውጤቱ ምን ይጠቅማል? ለምሳሌ አቅሙ 1 ሜጋፓስካል ሲባዛ በአንድ ሜትር ስኩዌር ሩት ነው እንበል። በሰፊ ድንጋይ መሐል 2 ሴ.ሜ. ርዝመት ያለው ስንጥቅ ካለ ድንጋዩ በ5.6 ሜጋፓስካል ሲሳብ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ 8 ሴ.ሜ. ከሆነ ግን 2.8 ይበቃዋል። ድንጋዩ ያው ነው፤ የተለወጠው ስንጥቁ ብቻ ነው።

ውሃም አለ። የረጠበ ድንጋይ ባጠቃላይ ከደረቁ ይልቅ በቀላሉ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቅ ውስጥ የገባ ውሃም በግፊቱ ይከፍተዋል። ሐይቅ ዳር ያለን ድንጋይ አድርቆ ብቻ መፈተን እንግዲህ ግማሽ መልስ ነው።

ስለዚህ ከዚህ አካባቢ ናሙና ይዞ የሚመጣ ተማሪ ሦስት ነገር ጎን ለጎን ይመዝግብ፦ የመጨመቅ ጥንካሬውን፣ ደርቆና ረጥቦ መሰንጠቅን የመቋቋም አቅሙን፣ እንዲሁም በመስክ ያየውን የስንጥቅ ርዝመት። አንዱ ያለ ሌላው ብዙ አይናገርም።