ኑግ፣ ዳጉሳና ስኳር ድንች፦ ለቤት ወፍ የሚሆን ጤናማ መክሰስ

ለቤት ወፍ የሚዘጋጅ መክሰስ በዋናው መኖ ላይ የሚጨመር እንጂ መኖውን የሚተካ ምግብ አይደለም። ወፏ በቀን ከምትበላው አንድ አሥረኛውን ማለፍ የለበትም። ባጀሪጋር የምትባለዋ ትንሽ የአውስትራሊያ በቀቀን የምትመዝነው ከ30 እስከ 40 ግራም ብቻ ነው፤ ለሰው ጉርሻ የማይሞላ ምግብ ለእሷ የቀን ቀለብ ይሆናል። መጠኑ ከተጠበቀ ግን መክሰስ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ደረቅ ዘር ብቻ የምትመገብ ወፍ የሚጎድላትን ይሞላል።

በዱር የሚኖሩ ወፎች ምግባቸው ብዙ ዓይነት ነው። በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ የምትገኘው፣ በአዲስ አበባ ዛፎችም ላይ የምትታየው ጥቁር ክንፍ ያላት ትንሽ አረንጓዴ በቀቀን የጥድና የሾላ ፍሬ ትለቅማለች። በጎጆ ውስጥ ዘር ብቻ የሚቀርብላት ወፍ ግን ስብ ይበዛባታል፤ ቫይታሚን ኤ እና ካልሲየም ያንሳታል። ቫይታሚን ኤ ሲጎድል የአፍና የመተንፈሻ አካላት ሽፋን ጀርም የመከላከል አቅሙን ያጣል። ካልሲየም ያነሳት ሴት ወፍ እንቁላል መጣል ይቸግራታል። የስብ ብዛት ደግሞ ጉበትን ይጎዳል።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ከፒያሳው አትክልት ተራ ተነሥቶ፣ ጃንሜዳ ቆይቶ፣ በ2013 ዓ.ም. በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ የሰፈረው የአትክልትና ፍራፍሬ ገበያ ለላፍቶ፣ ለጀሞና ለለቡ ነዋሪ ቅርብ ነው። ካሮት፣ ዱባ፣ ጎመንና ውስጡ ብርቱካናማ የሆነ ስኳር ድንች የወፏ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠውን ካሮቲን ይይዛሉ። ከእህል ወገን ዳጉሳ በ100 ግራም 350 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም አለው። አገሩ ኢትዮጵያ የሆነው ኑግ ወደ አሜሪካ ለወፍ መኖ የሚላክ፣ በፕሮቲን የበለጸገ ዘር ነው። ሲሶ ያህሉ ዘይት ስለሆነ ግን በቁንጥር ብቻ ይሰጣል።

ከዚያው ገበያ የሚገዛው አቮካዶ ለወፍ መርዝ ነው። በፍሬው፣ በቅጠሉና በልጡ ያለው ፐርሲን የተባለ ንጥረ ነገር የልብን ጡንቻ ይጎዳል። አንድ ግራም አቮካዶ የበላች ባጀሪጋር ትቅበጠበጣለች፣ ላባዋን ትነጫለች፤ ዘጠኝ ግራም ያህል የበላች በሁለት ቀን ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ቸኮሌት፣ ቡና፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ጨው የበዛበት ምግብም አይሰጥም። የፖምና የኮክ ሥጋ ቢፈቀድም ዘራቸው ሳያናይድ ያመነጫል። ቦሎቄ ሳይበስል አይቀርብም። የሻገተ ለውዝ ወይም በቆሎ ከሁሉ የከፋ ነው፦ በ1960 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ከ100 ሺህ በላይ ተርኪ የሚባሉ የእርባታ ወፎችን የፈጀው አፍላቶክሲን የመጣው ሻጋታ ከነካው የለውዝ ፋጉሎ ነበር።

የሚጋገረው መክሰስ አሠራር ቀላል ነው። አንድ መካከለኛ ስኳር ድንች ተቀቅሎ ይላጥና በሹካ ይዳመጣል። ግማሽ ኩባያ የዳጉሳ ዱቄት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈቀፈቀ ካሮት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ኑግ ይጨመርበታል። የእንቁላል ቅርፊት ለ10 ደቂቃ ተቀቅሎ፣ ደርቆና ልሞ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይገባበታል። ጨው፣ ስኳር፣ ቅቤና ዘይት አያስፈልግም። ሊጡ እጅ ላይ መጣበቁን እስኪተው ከታሸ በኋላ በሽምብራ ፍሬ መጠን ይድቦለቦልና ጠፍጠፍ ይደረጋል። በ150 ዲግሪ ሴልሺየስ ኦቨን ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያህል፣ ወይም በሸክላ ምጣድ ላይ በለሰለሰ እሳት እየተገላበጠ፣ ውስጡ እስኪደርቅ ይጋገራል።

እሳት የማይነካው መክሰስ ደግሞ በቆልት ነው። ዘር ሲያቆጠቁጥ ያከማቸው ስታርችና ስብ መፈራረስ ይጀምራል፤ አንዳንድ ቫይታሚኖችም ይጨምራሉ። ስንዴ ወይም ምስር ለአንድ ሌሊት ተዘፍዝፎ ይጠለላል፤ ከዚያም በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውኃ እየታጠበ ጫፉ ብቅ እስኪል ይቆያል። የሸተተ ወይም የተዝለገለገ በቆልት ይጣላል።

የዝግጅቱ ቦታም ጥንቃቄ ይፈልጋል። አየር በወፍ ሳንባ ውስጥ በአንድ አቅጣጫ ስለሚፈስ ወፍ ኦክስጅን በብዛት ትስባለች፤ መርዝንም እንዲሁ። በቴፍሎን የተለበጠ መጥበሻ ከመጠን በላይ ሲግል የሚያወጣው ጋዝ ወፍን በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል፤ ስለዚህ ለመጋገር ሸክላ ወይም ብረት ይመረጣል። ቡና ሲፈላ የከሰልና የዕጣን ጭስ ስለሚኖር የወፏ ጎጆ ወደ ሌላ ክፍል ይወሰዳል።

መክሰሱ በደንብ ሲቀዘቅዝ ለባጀሪጋር በቀን አንድ ፍሬ ይበቃል፤ ለእርግብ ጥቂት ይጨመራል። በክዳን ዕቃ ተደርጎ ማቀዝቀዣ ውስጥ አንድ ሳምንት ያህል ይቆያል። በቆልትና እርጥብ አትክልት ግን ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ከጎጆው ይነሣል። መክሰሱን በጎመን ቅጠል ጠቅልሎ ማንጠልጠል ወፏ ፈልጋ እንድታገኘው ያደርጋል፤ ይህም ተፈጥሯዊ የለቀማ ልማዷን ይጠብቃል። አዲስ ምግብ ሁልጊዜ በጥቂቱ ይጀመራል። ኩሷ ከቀጠነ ወይም መብላት ካቆመች መክሰሱ ይቋረጥና ለእንስሳት ሐኪም ትታያለች።