ዲያቶም አሸዋ አይበላም

በዓሣ አርቢዎች መካከል አንድ ምክር ከአፍ ወደ አፍ ይዞራል፦ «ዲያቶም ቅርፊቱን የሚሠራው ከሲሊካ ነው፤ አሸዋም ሲሊካ ነው፤ ስለዚህ ኩሬው ላይ አሸዋ በትኑ፣ ለዓሣ የሚስማማው አልጌ ይበዛላችኋል።» ሁለቱ መነሻዎች ትክክል ናቸው፤ መደምደሚያው ግን ስህተት ነው። ምክሩን የሚያዛምቱ ሰዎች አንድ ጥያቄ ዘለዋል፦ ሲሊካው ሟሙቷል ወይስ አልሟሟም?

ዲያቶም በዓይን የማይታይ ባለአንድ ሕዋስ አልጌ ነው። በምድር ላይ ከሚካሄደው ብርሃን አስተጻምሮ አንድ አምስተኛ ያህሉ የእሱ ሥራ ነው።

ዲያቶም የሚወስደው ውኃ ውስጥ የሟሟ ሲሊካ፣ ማለትም ሲሊሲክ አሲድ ነው። አብዛኛው አሸዋ ደግሞ ኳርትዝ የተባለው የሲሊካ ዓይነት ነው። በክፍል ሙቀት አንድ ሊትር ውኃ ሊያሟሟው የሚችለው ኳርትዝ 10 ሚሊግራም ገደማ ነው። ይህ እንኳ ለዲያቶም በበቃ ነበር፤ ነገር ግን ኳርትዝ የሚሟሟው እጅግ በዝግታ ስለሆነ ኩሬው ያንን መጠን ለማየት ዕድሜ አይበቃውም። የእሳተ ገሞራ አመድ ከኳርትዝ ይልቅ ቶሎ ይሟሟል። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ለዲያቶም የተመቹት በዚህ ምክንያት ነው፤ በአካባቢው የሚገኘው ነጭ የዲያቶማይት ክምችትም የጥንት ዲያቶሞች ቅርፊት ነው።

ዋናው ተአምር የሚጀምረው ሲሊሲክ አሲዱ ሕዋሱ ዘንድ ሲደርስ ነው። በሕዋሱ ሽፋን ላይ ይህን ሞለኪውል ለይተው የሚያስገቡ ፕሮቲኖች አሉ፤ ማርክ ሂልደብራንድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ይፋ አደረጓቸው። የገባው ሲሊካ ውስጡ አሲዳማ በሆነ ቀጭን ከረጢት ይከማቻል። እዚያም ሲላፊን የተባሉ ፕሮቲኖች አጣብቀው ያጠነክሩታል፤ መስታወት ፋብሪካ ከ1,000 ዲግሪ በላይ አንድዶ የሚሠራውን ዲያቶም በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይሠራዋል።

ቅርፊቱ እንደ መሶብና ክዳኑ ሁለት ክፍል አለው። ሕዋሱ ሲከፈል አንዱ ልጅ ክዳኑን፣ ሌላው መሶቡን ይወርሳል፤ ሁለቱም የወረሱትን ክዳን አድርገው ከሥሩ አዲስ መሶብ ይሠራሉ። ለዚያ አዲስ ግማሽ የሚሆን ሲሊካ ከጠፋ መራባቱ ይቆማል። ናይትሮጅን ቢትረፈረፍ፣ ፀሐይ ቢወጣ ለውጥ የለውም።

የሟሟ ሲሊካ በሊትር ከ0.12 ሚሊግራም በታች ሲወርድ ዲያቶም የበላይነቱን ያጣል። ቅርፊት የማያስፈልጋቸው አልጌዎች ግን በተረፈው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይፋፋሉ። በአሜሪካ የሚቺጋን ሐይቅ የታየው ይኸው ነው፦ ከሰው የመጣ ፎስፈረስ ዲያቶሞችን አበዛ፣ እነሱም ሲሊካውን ጨረሱ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ ሌላ ጥናት ለጥቁር ባሕር ሲሊካ መቀነስ በዳንዩብ ወንዝ ላይ ያለውን የአይረን ጌት ግድብ ተጠያቂ አድርጎ ነበር። በኋላ የተደረገ ልኬት ግን ግድቡ የሚያስቀረው ሲሊካ ጥቂት እጅ ብቻ መሆኑን አሳየ። ስለዚህ የአንድ ውኃ ሲሊካ ሲያንስ ምክንያቱን ከመለካት በፊት መወሰን አይገባም።

ዲያቶም የሚያራቡ ቤተ ሙከራዎች አሸዋ አይጠቀሙም። ጊላርድ የተባለ ተመራማሪ ባዘጋጀው የታወቀ የምግብ ቀመር በአንድ ሊትር የባሕር ውኃ 30 ሚሊግራም ሶዲየም ሜታሲሊኬት ይጨመራል፤ እንዳይዘቅጥም በጥንቃቄ እየተማሰለ ነው። ሲሊካው ከናይትሮጅኑ ጋር መመጣጠንም አለበት፦ ዲያቶም ለአሥራ ስድስት የናይትሮጅን አቶም አሥራ አምስት ያህል የሲሊከን አቶም ይፈልጋል።

ስለዚህ ዓሣ የምታረቡ ወገኖች፣ አሸዋ ከማጓጓዛችሁ፣ ዩሪያም ከመጨመራችሁ በፊት የውኃችሁን የሟሟ ሲሊካ አስለኩ። በቂ ከሆነ አትንኩት፤ ካነሰም የሚያስፈልገው የሚሟሟ ሲሊኬት ነው።