ሆቴል ወይስ አፓርታማ?

ወደ ፍሎሬንስ የሚሄድ ተማሪ አስቀድሞ የሚጠይቀው «የት ልደር?» ብሎ ነው። ጥያቄው የኪስ ብቻ ይመስላል፤ እኛ ግን የኅሊናም ነው እንላለን።

ኪሱን እናስቀድም። የአፓርታማ አከራዮች አብዛኛውን ጊዜ ከአዳሩ ዋጋ ሌላ የጽዳት ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ ይህም ሁለት ሌሊት ላደረና ዐሥር ሌሊት ላደረ ያው ነው። ስለዚህ ብቻውን ሄዶ ሁለት ሌሊት ለሚያድር ሰው ሆቴል ይሻለዋል፤ አራት ሆነው ሳምንት የሚሰነብቱ ግን ምግባቸውን ራሳቸው አብስለው፣ ሒሳቡን ተካፍለው በአፓርታማ ይጠቀማሉ። ከተማው በየሌሊቱ ከሚያስከፍለው የእንግዳ ቀረጥ ማንኛውም አያስመልጥም። ከ2017 ዓ.ም. ወዲህ ለጐብኚ የሚከራይ ቤት ሁሉ የመንግሥት መለያ ቁጥር ሊኖረው ስለሚገባ፣ ቁጥር ለሌለው ቤት ቀብድ አትክፈሉ።

አሁን ወደ ኅሊናው እንምጣ። በኢጣልያ ከተሞች የተማሪ ኪራይ ከናረባቸው ምክንያቶች አንዱ ቤቶቹ ለጐብኚ መዋላቸው ነው። በ2015 ዓ.ም. የሚላኖ ተማሪዎች ኪራዩን በመቃወም በፖሊቴክኒኩ ፊት ድንኳን ተከሉ፤ የሌሎች ከተሞች ተማሪዎችም ተከተሏቸው። በ2016 ዓ.ም. የፍሎሬንስ ምክር ቤት በአሮጌው ከተማ አዲስ የጐብኚ ኪራይ ቤት እንዳይከፈት ወሰነ።

እንግዲህ ምክራችን፦ ለአጭር ጊዜ ሆቴል፤ ለረጅም ጊዜ ቁጥር ያለው አፓርታማ፣ ያውም ከአሮጌው ከተማ ውጭ። ድንኳን የተከለው እንደኛው ተማሪ ነውና።