ከአንበሳው ፎቶግራፍ በስተጀርባ

በ2008 ዓ.ም. ከወደ ቋራ አንድ አስደሳች ዜና ተሰማ፡፡ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ሃንስ ባወር የመራው ቡድን በአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሶች መኖራቸውን በዱካና በፎቶግራፍ አረጋገጠ፡፡ ከገንዳ ውሃ በስተደቡብ ምዕራብ የሚገኘው ይህ ፓርክ በ1998 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን፣ ከ2,600 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው፤ ከሱዳኑ የዲንደር ብሔራዊ ፓርክም ጋር ይዋሰናል፡፡ ለመሆኑ እንዲህ ያለው ፎቶግራፍ እንዲገኝ ምን ዓይነት ሥራ ያስፈልጋል?

የመጀመሪያው ጉዳይ መንገድ ነው፡፡ በመተማና በቋራ ቆላ ሰፊ ቦታ የያዘው ዋልካ አፈር ስሜክታይት የተባለ የሸክላ ማዕድን በብዛት ይዟል፡፡ ውሃ በማዕድኑ ስስ ንጣፎች መካከል ሲገባ አፈሩ ያብጣል፣ ይለጠልጣል፤ ሲደርቅ ደግሞ ተኮማትሮ ይሰነጠቃል፡፡ በክረምት መኪና ጎማው ተውጦ ይቆማል፤ ወንዞቹም ይሞላሉ፡፡ ስለዚህ ነዳጅ፣ ስንቅ፣ መድኃኒትና መለዋወጫ ዝናቡ ሳይጀምር መግባት አለባቸው፡፡

ሁለተኛው ካሜራው ነው፡፡ ከዛፍ ግንድ ጋር የሚታሰረው ይህ መሣሪያ ከእንስሳ ገላ የሚወጣውን የኢንፍራሬድ ጨረር ከአካባቢው ጨረር ለይቶ ሲያገኝ በራሱ ፎቶግራፍ ያነሣል፡፡ ይሁን እንጂ በመጋቢትና በሚያዝያ የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲደርስ በገላና በአካባቢ መካከል ያለው ልዩነት ስለሚጠብብ እንስሳው ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል፡፡ በፀሐይ የጋለ ሣር በነፋስ ሲወዛወዝ ደግሞ ካሜራው በከንቱ እያነሣ ባትሪውን ይጨርሳል፤ ማስታወሻ ካርዱንም ይሞላል፡፡ መፍትሔው ቀላል ቢመስልም አድካሚ ነው፤ ሣሩን ማጨድ፣ ባትሪና ካርድ መቀየር፣ መስታወቱን መወልወል፡፡

ሦስተኛው እሳት ነው፡፡ በክረምት ከሰው ቁመት በላይ የሚያድገው ሣር በበጋ ደርቆ ማገዶ ይሆናል፡፡ እሳት ነዳጅ፣ ኦክስጅንና ሙቀት ይፈልጋል፤ ከሦስቱ ሰው በሜዳ ላይ ሊቀንሰው የሚችለው ነዳጁን ነው፡፡ ሣሩን በረጅም መስመር መመንጠር፣ ወይም ገና እርጥበት ሳለው በጥንቃቄ ቀድሞ ማቃጠል የሰደድ እሳቱን ጉዞ ይገታል፡፡ መስመሩ ግን በየዓመቱ መታደስ አለበት፤ ከአንድ ክረምት በኋላ ሣሩ ይመለሳልና፡፡

እንግዲህ አንድ ካሜራ ለሦስት ወር ባዶ ሆኖ ቢገኝ ምን እንላለን? እንስሳው ጠፍቷል፣ ወይስ ባትሪው በሁለተኛው ሳምንት ሞቷል? ሁለቱን የሚለየው ካሜራው መቼ እንደተጎበኘ፣ ምን እንደተቀየረለትና እስከ መቼ እንደሠራ የሚመዘግበው ተራ ደብተር ነው፡፡ ደብተሩ ከሌለ ባዶው ካሜራ የአንበሳውን መጥፋት አያስረዳም፡፡ የጥገና ሥራ የሳይንሱ አጃቢ ሳይሆን የማስረጃው አካል ነው የምንለውም ለዚህ ነው፡፡