የወታደሩ መነጽርና የሌዘር ብርሃን

ከመካከላችን መነጽር የሚያደርግ ሰው ጧት ሲነሣ አስቀድሞ እጁን የሚሰድደው ወደ መነጽሩ ነው። ዝናም ሲመታው ይጠርገዋል፤ ትኩስ ሻይ ሲጠጣ ይጋረድበታል፤ ሲጠፋበትም ጓደኛውን ፈልግልኝ ብሎ ይለምናል። ይህ ሁሉ ለተማሪ ትንሽ ችግር ነው፤ በሰሌዳ ላይ የተጻፈው ባይታየው ወደ ፊተኛው ወንበር ይጠጋል። ለወታደር ግን ነገሩ ሌላ ነው። መነጽሩ በሌሊት ከጭቃ ላይ ቢወድቅበት ወዳጁን ከጠላቱ መለየት ያቅተዋል። የመርዝ ጋዝ መከላከያ ጭምብል ሲያጠልቅም ተራ መነጽር ከውስጥ አይገባለትም፤ ልዩ መስታወት ያስፈልገዋል። በዓይን ላይ የሚለጠፈው ኮንታክት ሌንስ ደግሞ አቧራና ንጹሕ ውሃ ማጣት ባለበት ስፍራ ዓይንን ለበሽታ ያጋልጣል።

በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምፈልገው የአሜሪካ ጦር ይህን ችግር በሌዘር እንዴት እንዳቃለለውና መፍትሔውም ምን ጥያቄ እንዳስከተለ ነው። ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

በመጀመሪያ ዓይን እንዴት እንደሚያይ እናስታውስ። ብርሃን ወደ ዓይን ሲገባ በቅድሚያ የሚያልፈው ኮርኒያ በተባለው፥ በተለምዶ ብሌን በምንለው ጥርት ያለ መስኮት ነው። የብሌን ውፍረት ከመካከሉ ላይ ከግማሽ ሚሊሜትር እምብዛም አይበልጥም። ሆኖም ዓይን ብርሃንን ለማጠፍ ካለው ኃይል ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የዚሁ ብሌን ነው። ጨረሩ ታጥፎ ከዓይን ጀርባ ባለው ሬቲና ላይ ሲያርፍ ምስሉ ጥርት ይላል። የዓይኑ ኳስ ከረዘመ ወይም ብሌኑ ከመጠን በላይ ከጎበጠ ግን ጨረሮቹ ከሬቲናው ሳይደርሱ ይገናኛሉ፤ ሰውየውም ቅርቡን እያየ ሩቁ ይደበዝዝበታል። ከዓይን ፊት መስታወት ከማቆም የብሌኑን ጉብጠት ራሱን ማስተካከል አይቻልምን? ሐኪሞች የተነሡት ከዚህ ጥያቄ ነው።

የመጀመሪያው መልስ ስለት ነበር። በ1970ዎቹ በሶቪየት ኅብረት ፊዮዶሮቭ የተባለው ሐኪም ብሌኑን እንደ ፀሐይ ጨረር ዙሪያውን እየሰነጠቀ ጉብጠቱን ያለዝብ ነበር። ዘዴው ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ብዙ ሰዎች ተሠርቶላቸዋል። ነገር ግን የተሰነጠቀ ብሌን እንደ ቀድሞው ብርቱ አይሆንም፤ ከዚህም በላይ አየር በሚሳሳበት ከፍታ ላይ ቅርጹ ይለወጣል። በ1996 ቤክ ዌዘርስ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም የኤቨረስትን ተራራ ሲወጣ ማየት የተሳነው ይህ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ስለ ነበረ ነው። ለአውሮፕላን ነጂና በተራራ ላይ ለሚዋጋ ወታደር እንዲህ ያለ ዓይን አያስተማምንም።

ሁለተኛው መልስ ብርሃን ሆነ። በ1981 በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር በሚገኘው የአይ ቢ ኤም ምርምር ጣቢያ ስሪኒቫሳን የተባለው ሳይንቲስትና ባልደረቦቹ ኤክሳይመር የሚባለውን ሌዘር ከምስጋና በዓል በተረፈ የቱርክ ዶሮ ላይ ሞከሩት። የሞገዱ ርዝመት 193 ናኖሜትር የሆነው ይህ የማይታይ ብርሃን ዙሪያውን ሳያሳርር የነካውን ብቻ ቀርፎ አነሣ። ምሥጢሩም ብርሃኑ ሞለኪውሎችን ያያያዘውን ሰንሰለት መበጠሱ እንጂ በሙቀት ማቃጠሉ አይደለም። በ1983 ትሮክል የተባለው የዓይን ሐኪም ከስሪኒቫሳን ጋር ሆኖ ብሌንም በዚሁ ብርሃን ሊቀረጽ እንደሚችል አሳየ። አንዱ የብርሃን ምት የሚያነሣው የማይክሮን ሩብ ያህል ነው፤ ማይክሮን ማለት የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው።

ሥራው በሁለት ዋና መንገድ ይከናወናል። ፒ አር ኬ በተባለው መንገድ የብሌኑ ስስ የላይ ሽፋን ይገፈፍና ሌዘሩ ከሥሩ ይቀርጻል፤ ሽፋኑም በጥቂት ቀናት ውስጥ ራሱ ይበቅላል። ሌሲክ በተባለው ደግሞ ከብሌኑ ላይ ስስ ክዳን ተቈርጦ ይገለጥና ከተቀረጸ በኋላ ይመለሳል። በሌሲክ ሕመሙ ጥቂት ነው፤ ዕይታውም ቶሎ ይጠራል። ክዳኑ ግን በብርቱ ምት ሊንሸራተት ይችላል። ፒ አር ኬ ለቀናት ያሳምማል፥ ዕይታውም እስኪጠራ ሳምንታት ይፈጃል፤ ነገር ግን የሚንሸራተት ክዳን የለውም። ጦሩ ለብዙ ጊዜ ወደ ፒ አር ኬ ያደላው ስለዚህ ነው።

የአሜሪካ ባሕር ኃይል ጥናቱን የጀመረው በ1993 በሳን ዲዬጎ ሆስፒታሉ ነው። ከመሪዎቹ አንዱ ዶክተር ስቲቨን ሻልሆርን ሐኪም ከመሆኑ በፊት የጦር አውሮፕላን ነጂ ነበረ። በ1996 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ስለት የነካቸውንና ሌዘር የነካቸውን ዓይኖች 4,300 ሜትር ከፍታ ባለው በፓይክስ ፒክ ተራራ ላይ ለ72 ሰዓት አቆይቶ አመዛዘነ። የመጀመሪያዎቹ ዕይታቸው ተለወጠ፤ ሁለተኞቹ ግን ጸኑ። ምድር ጦሩ በ2000 በፎርት ብራግ የራሱን ፕሮግራም ከፈተ። በ2007ም ናሳ በሌዘር የታከሙ ሰዎች ለጠፈርተኝነት እንዲያመለክቱ ፈቀደ።

ውጤቱ በሰው ዕድል ላይ ታየ። ቀድሞ በአናፖሊስ የባሕር ኃይል አካዳሚ ዓይነ ደካማ የሆነ ተማሪ አውሮፕላን ነጂ የመሆን ተስፋውን ትቶ ወደ ሰርጓጅ መርከብ ወይም ወደ ሌላ ክፍል ይሄድ ነበር። በ2006 ኒው ዮርክ ታይምስ እንደ ጻፈው ግን ብዙዎች ዓይናቸውን እየታከሙ መብረርን ስለ መረጡ ለሰርጓጅ መርከብ ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ። ተፈጥሮ የዘጋችውን በር ብርሃን ከፈተው ማለት ነው።

ታዲያ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ወታደር ታዛዥ ነው፤ ዓይኑ ግን የማን ነው? ሕክምናው በፈቃድ ብቻ የሚደረግ ነው። አዛዡ የሚፈርመው ወታደሩ ለሕክምናና ለማገገም ከሥራ እንዲለይ ለመፍቀድ እንጂ ታከም ብሎ ለማዘዝ አይደለም። ይህ ልዩነት ቀላል አይምሰለን። ከሕክምናው በኋላ ዓይን መድረቅ፥ በሌሊት በመብራት ዙሪያ ክብ ብርሃን ማየት፥ አንዳንዴም የብሌን መደብዘዝ ሊያጋጥም ይችላል። የተነሣው የብሌን ክፍልም ተመልሶ አይተካም። ወጪውን መንግሥት ቢከፍልም ጉዳቱን የሚሸከመው ባለ ዓይኑ ነው። ስለዚህ አደጋውን ሰምቶ "እሺ" ወይም "እንቢ" ማለት የሚገባው እርሱ ራሱ ነው።

መነጽራችሁን መጣል የምታስቡ ወንድሞችና እኅቶችም ይህን አትርሱ። ቁጥሩ ገና የሚለዋወጥ ዓይን፥ ብሌኑም ከመጠን የሳሳ ወይም ቅርጹ የተዛባ ሰው አይታከምም። ሌዘር ብሌንን እንጂ የረዘመውን የዓይን ኳስ አያሳጥርም፤ በእርሱ ምክንያት በሬቲና ላይ የሚመጣ አደጋ እንዳለ ይቆያል። ከአርባ ዓመት በኋላም የማንበቢያ መነጽር መምጣቱ አይቀርም። ወደ ሐኪም ስትሄዱ ስለ ዋጋው ብቻ ሳይሆን የእናንተ ብሌን ስንት ማይክሮን እንደ ሆነና ከሥራው በኋላ ስንት እንደሚቀር ጠይቁ። ሐኪሙ ይህን ሳይለካ ቀን ከቀጠረላችሁ፥ መነጽራችሁን እንዳደረጋችሁ ወደ ቤታችሁ ተመለሱ።