የጊንጪ ጭቃ፣ የአምቦ አየርና አሮጌው ፒክአፕ

በሆለታና በአዲስ ዓለም አድርጎ ወደ አምቦ የሚያልፍ መንገደኛ የምዕራብ ሸዋን ፒክአፕ ሳያይ አይቀርም። የፓራፋንጎው ጠርዝ ተበልቷል፣ የበሩ ታች አረፋ አውጥቷል፣ ቀዩ ቀለም ወደ ሮዝ ሄዷል፤ ሞተሩ ግን ገና ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ዕድሜያቸው በገፋ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ። እጅ ላይ ያለውን ማደስ ከዚያ ወዲህ ምርጫ መሆኑ እየቀረ ነው። የጋራዥ ዋጋ የከበደው ባለመኪናም ኮምፕሬሰር ተከራይቶ ሥራውን ግቢው ውስጥ ይጀምራል። ይቻላል። ችግሩ የቀለሙ ጣሳ ላይ የተጻፈው መመሪያ የጊንጪን ጭቃም ሆነ የአምቦን ከፍታ አለማወቁ ነው።

ከጭቃው እንነሳ። ጤፍ የሚወደው የጊንጪ ጥቁር አፈር ሸክላነቱ ያይላል፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ፓራፋንጎ ውስጥ አንዴ ከተጣበቀ ላዩ ቢደርቅም ውስጡ ለቀናት እንደረጠበ ይቆያል። ብረት እንዲዝግ ውሃም ኦክስጅንም ያስፈልገዋልና፣ ጭቃው አየር ከልክሎ ብረቱን የሚያተርፈው ሊመስል ይችላል። የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ሲዝግ አንዱ የብረት ክፍል ኤሌክትሮን ይሰጣል፣ ሌላው ይቀበላል። አየር እንደ ልብ የሚያገኘው የጭቃው ዳር ተቀባይ ይሆናል፤ ከጭቃው ሥር ያለው፣ አየር ያጠረው ክፍል ሰጪ ይሆናል። የሚበላው ሰጪው ነው። እንግሊዛዊው ኬሚስት ኡሊክ ኢቫንስ ይህን ያሳየው ብረት ላይ ባስቀመጣት የጨው ውሃ ጠብታ ነበር፤ ብረቱ የተበላው አየር በቅርብ ከሚያገኘው ከጠብታዋ ዳር ሳይሆን ከመሐሏ ሥር ነው። ፒክአፑ ላይ ዝገት ፍለጋ ሲወጡ ታዲያ ዓይን የሚያየውን ትቶ ጭቃ የሚደበቅበትን መፈለግ ነው፤ የፓራፋንጎውን የውስጥ እጥፋት፣ የበሩን ታች፣ ካሶኒው ከሻንሲው የሚገናኝበትን። የበር ታች የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎች በዚሁ ጭቃ ተደፍነው ከሆነ በሩ ራሱ ውሃ ያቁራል።

ማዳበሪያ የሚያመላልስ ካሶኒ ደግሞ ይብስበታል። ከከረጢት የፈሰሰች እፍኝ ኤንፒኤስ ማዕዘን ላይ ተረስታ ከአየር እርጥበት ስትስብ ኤሌክትሪክ በሚገባ የሚያስተላልፍ የጨው ውሃ ትሆናለች። ዝገት የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ዝገት ከተፈጠረበት ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ቀለሙን ከሥር ገፍቶ ያነሳዋል። አረፋው ሲታይ ዝገቱ ከአረፋው አልፎ ሄዷል ማለት ነው፤ የሚፋቀውም ንጹሕ ብረት እስኪገኝ ድረስ ነው። የተበሳ ላሜራ ተቆርጦ አዲስ ይበየድለታል፤ ይህን ለባቲላሜራ መተው ይሻላል። ቀዳዳን በስቱኮ መድፈን ዝገቱን ከነሕይወቱ መቅበር ነው። ስቱኮ የፖሊስተር ሙጫና የታልክ ዱቄት ቅልቅል በመሆኑ ውሃ ይመጥጣል። ብዙ ሰው ግን አቧራው እንዳይነሳ ብሎ ውሃ እያፈሰሰ በብርጭቆ ወረቀት ያሸዋል። የገባው ውሃ አንቲረስትና ቀለም ሲደረብበት መውጫ ያጣል። ስቱኮ በደረቁ ይታሽ፤ አፍንጫ ይሸፈን።

ከፕራይመር በኋላ ያለው እሽታ በውሃ ቢሆን አይከፋም። በየትኛው ውሃ የሚለው ግን አምቦ ላይ ቀልድ አይደለም። የአምቦ ምንጭ ዝናው በጋዙና በማዕድኑ ነው፤ ማዕድን የበዛበት ውሃ ሲደርቅ ነጭ ምልክት ይተዋል። ምልክቱ ጨው ነው። ቀለም ለዓይን ድፍን ይምሰል እንጂ የውሃ ትነት በጥቂቱ ያሳልፋል፤ ከሥሩ የተቀበረው ጨው ትነቱን ይስበዋል፣ ውሃው ይጠራቀማል፣ ከወራት በኋላ ያማረው ኮፈን በጥቃቅን እብጠት ይሞላል። ኦስሞሲስ የሚባለው ሂደት ነው። ለመጨረሻው እጥበት ጣሪያው በመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ከታጠበ በኋላ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ከሁሉም ይሻላል።

ቅባት መኖር አለመኖሩን ለማወቅም ውሃ ይበቃል። የጸዳው ገጽ ላይ ጥቂት ንጹሕ ውሃ አፍስሱበት። ሳይቆራረጥ ተንጣሎ ከወረደ ንጹሕ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ሸሽቶ ጠብታ ከሠራ ቅባት ወይም የጎማ ማሳመሪያ ሲሊኮን አለ፣ ነገ ቀለሙም ከዚያው ቦታ ይሸሻል። ያልተቀባ ብረት ከሆነ ወዲያው ይድረቅ፤ በደቂቃዎች ውስጥ ቢጫ ማለት ይጀምራል።

አሁን ወደ አየሩ። አምቦ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 78 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ቲነር እንዲህ ባለ አየር ቶሎ ይተናል። ከመርጫው የወጣው ደቃቅ ጠብታ በሩ ላይ ሳያርፍ ግማሹ ይደርቃል፣ ካረፈም በኋላ ተንጣሎ ለመግጠም ጊዜ ስለማያገኝ ገጹ የብርቱካን ልጣጭ መስሎ ይቀራል። ኮምፕሬሰሩም በአንድ ዙር የሚስበው አየር ስለሚያንስ ጣሳው የሚጠይቀውን ለመስጠት ያቃስታል። ዘገምተኛ ቲነር መግዛት፣ መርጫውን ትንሽ ማስጠጋት፣ በአንድ ጊዜ አንድ በር ብቻ መሥራት ይረዳል። ልኩን መጀመሪያ ያረጀ ላሜራ ላይ ሞክሩት።

ክረምት ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ናይትሮ ቀለም የሚደርቀው ቲነሩ ሲተን ብቻ ነው፤ ትነት ደግሞ ገጹን ያቀዘቅዘዋል። አየሩ እርጥበት ካዘለ ውሃ እላዩ ላይ ጤዛ ይሠራና ቀለሙ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። ጥቅምትና ኅዳር ለዚህ ሥራ ይመቻሉ፤ ቢሆንም ሌሊቱ ስለሚበርድ ላሜራው ጠዋት ከአየሩ ይልቅ ቀዝቃዛ ነው። ብረቱ ጤዛ ከሚያዝበት ሙቀት ቢያንስ በ3 ዲግሪ መብለጥ አለበት ይላሉ ባለሙያዎች። ቴርሞሜትር ለሌለው፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት አለመጀመር፣ ግቢውን ውሃ ረጭቶ አቧራውን ማስቀመጥ፣ የከሰዓቱ ነፋስ ሳይነሳ መጨረስ።

ባለሁለት ጣሳው ቀለም፣ ማጠንከሪያ የሚጨመርበት፣ በትነት ብቻ ሳይሆን በኬሚካላዊ ውህደት ስለሚጠነክር ዕድሜው ይረዝማል። ማጠንከሪያው ግን አይሶሳያኔት አለበት፤ ትንፋሽን እስከ አስም የሚያደርስ ነገር ነው፣ የጨርቅ ማስክም አያግደውም። እኔ ብሆን ይህን ለቀለም ቤቱ ክፍል እተወዋለሁ። ግቢ ውስጥ በናይትሮ ለሚሠራም አንድ ነገር፦ የቲነር ትነት ከአየር ይከብዳል፣ መሬት ለመሬት ይሄዳል። ቀለም በሚረጭበት ሰዓት እዚያው ግቢ ከሰል ተያይዞ ቡና ሊፈላ አይገባም፤ ቡናው ለማታ ይቆይ።

የቀለም ምርጫም ከከፍታው ጋር ይያያዛል። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ብዙ ቀያይ ማቅለሚያዎችን ሰባብሮ የሚያገረጣው እሱ ነው። የነጭ ቀለም ማቅለሚያ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ አይገረጣም። ቀዩን ወደ ነጭ ለመቀየር የወሰነ ሰው የበሩን የውስጥ ጠርዝና የኮፈኑን ሥርም መቀባት ይኖርበታል፤ ሊብሬው ላይ የተጻፈው ቀለምም መስተካከል ስላለበት ጉዳዩን ለቦሎ ከመሄዱ በፊት ቢጨርስ ይሻላል።